መቅረቷን ጻፍን፣ የዋለችበትን አልጻፍንም
(በማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)



ዛሬ እንድንናገር የተጠየቅነው ስለ ቁጠባና ብድር ነበር። በየዓመቱ የሒሳብ ክፍሉ ቆሞ ገቢና ወጪ ሲያነብ፣ እናንተም በትዕግሥት ስታዳምጡ፣ አንዳንዶቻችሁም ነጠላችሁን ተከናንባችሁ ስታንቀላፉ ዐይተናል። የዘንድሮው ሪፖርት ተባዝቶ እጃችሁ ላይ ስላለ አናነበውም። በእሱ ፈንታ ስለ መዝሙር እንናገራለን። መዝሙርና ሒሳብን ምን አገናኛቸው ለምትሉ፣ ያገናኛቸው አንድ ደብተር ነው። ወደ ደብተሩ እንመጣለን።

“እኛ” ስንል የዚህ ማኅበር አባላት ሆነን በደብራችን ሰንበት ትምህርት ቤት የምንዘምረውን እኅቶች ማለታችን ነው። ግማሾቻችን የመንግሥት ሠራተኞችና ነጋዴዎች፣ ግማሾቻችን የገበሬ ሚስቶችና ልጆች ነን። እሑድ ቀን አንድ ዓይነት ልብስ ስለምንለብስ ማን ከየት እንደመጣች አይለይም። ሥራ ቀን ላይ ግን በደንብ እንለያያለን፤ ነገሩም የተበላሸው እዚያ ላይ ነው።

በሐሙሲት ኅዳር ምን እንደሚመስል ለእናንተ መንገር ለቀባሪው አረዱት ይሆናል። ከሩቅ ላሉት ወዳጆቻችን ስንል ግን ትንሽ እንበል። ከተማችን ከባሕር ዳር ወደ ወረታ በሚወስደው አስፋልት ላይ ያለች፣ ስሟን ከሐሙስ ገበያዋ ያገኘች ናት። ዙሪያዋ የደራ ገበሬ ነው፤ ጤፍ፣ ዳጉሳ፣ በቆሎ። ወደ ፎገራ ሜዳ ሲወረድ ሩዙ ይጀምራል። በመስከረም አደይ የለበሰው ምድር በጥቅምት ይገረጣል፤ ኅዳር ሲገባ የዳጉሳው ራስ ይደርቃል፣ ጤፉም ከብዶት ይተኛል። የተኛ ጤፍ ቀጠሮ አይሰጥም። ከዘገየ ይረግፋል፤ ያልታሰበ ዝናብ ካገኘውም ይጠቁራል፣ የጠቆረ ጤፍ ደግሞ ሐሙስ ገበያ ላይ ዋጋው ሌላ ነው።

የቤተ ክርስቲያኑም ሥራ የሚበዛው በዚሁ ጊዜ ነው። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ዘመነ ጽጌ ነው፤ ቅዳሜ ማታ የገባው ማኅሌተ ጽጌ እሑድ ጠዋት ይወጣል። በማግሥቱ ኅዳር 6 ቁስቋም፣ ኅዳር 12 ሚካኤል፣ ኅዳር 15 የነቢያት ጾም ይገባል፣ ኅዳር 21 ጽዮን ናት። ከዚያ ለገና፣ ለጥምቀት መዘጋጀት ይጀመራል። ማጭዱና ጸናጽሉ የሚነሡት በአንድ ወር ነው። በእንግሊዝ አገር አብያተ ክርስቲያናት መከሩ ገብቶ ካበቃ በኋላ ለምስጋና የሚዘምሩበት የተለየ እሑድ እንዳላቸው አንብበናል። እህሉ ጎተራ ገብቶ፣ እጅ ታጥቦ፣ ተረጋግቶ መዘመር ደስ ሳይል አይቀርም። እኛ ግን የምንዘምረው ነዶው ሜዳ ላይ እያለ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣልቃ እናስገባ። የምንኖርበት ደቡብ ጎንደር የዜማ አገር ነው። ድጓ የሚመሰከርባት ቤተልሔም፣ ዝማሬና መዋሥዕት የሚመሰከርባት ዙር አባ ያሉት በዚሁ በእኛ ምድር ነው። ከሩቅ አገር ተማሪው አኩፋዳውን አንግቶ የሚመጣው ወደዚህ ነው። ይህ ሁሉ ሀብት ግን በወንዶች ጉሮሮ ያለ ሀብት ነው። እናቶቻችን ሌሊቱን ሙሉ በሴቶች በኩል ቆመው አድረው፣ ድምፃቸው የሚሰማው በእልልታና በጭብጨባ ነበር። በጎጃም ቅኔ ያስተማሩት ዓይነ ስውሯ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ስማቸው እስከ ዛሬ የሚነሣው እንደ እሳቸው ያለች ሴት ጥቂት ስለሆነች ነው። እንደ እኛ ላለችው ሴት ዜማ አጥንታ፣ ከበሮ መትታ፣ በዐውደ ምሕረት ቆማ መዘመር የተቻላት በሰንበት ትምህርት ቤት በኩል ነው። ስለዚህ አንዲት ሴት ከመዝሙር ስትቀር ተመልሳ የምትገባበት ሌላ በር የላትም። ይህን ያኔ አላሰብነውም።

አሁን ወደ ደብተሩ። የመዘምራን ስም መቆጣጠሪያና የገንዘብ መዝገብ የተሰጠው ለእኛ ለሒሳብ ሠራተኞቹ ነበር። ሙያችን ነውና በደስታ ተቀበልን፤ መሥመር አሠመርን፣ ቀን ጻፍን፣ ለመጣች ምልክት፣ ለቀረች “ቀ”። ልምምዱ ማክሰኞና ዓርብ ከሥራ በኋላ፣ ከ11 ሰዓት ጀምሮ ነበር። ይህ ሰዓት ለማን እንደሚመች ልብ በሉ፤ ከቢሮ ለምትወጣው። መቅረት ሲበዛ ደንብ ወጣ፤ ለአንድ ቀን መቅረት 10 ብር ቅጣት፣ በአንድ ወር ከሦስት ቀን በላይ የቀረች ደግሞ በበዓሉ ልብሱን ለብሳ አትቆምም። ደንቡን ያረቀቅነው እኛ ነን፤ በሥርዓት ያጸደቀውም ጉባኤው ነው። በጥቅምት መዝገቡ ሙሉ ነበር። ኅዳር ሲገባ “ቀ” በዛ። እኛም የታየን የሥርዓት መላላት ነበር።

ከቀሩት አንዲቱ መሪያችን ነበረች። መሪ ማለት መዝሙሩን የምታወጣው፣ ሌላው የሚቀበላት ናት። ድምፅ ብቻ አይበቃም፤ ከፍ አድርጋ ከጀመረች ተቀባዩ ይታነቃል፣ ዝቅ አድርጋ ከጀመረች መዝሙሩ ይተኛል። እሷ በትክክሉ ላይ የምታነሣ ሰው ነበረች። ባለቤቷ እንደ ብዙዎቹ የአካባቢያችን ወንዶች ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማ ወርዷል። እሱ የሰው ሰሊጥ ሲያጭድ የራሱ ጤፍ ደግሞ እዚህ ደርሷል። ይህን ያወቅነው በኋላ ነው። ያኔ የምናውቀው አምስት ጊዜ መቅረቷን ነበር።

አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ጠርተን 50 ብር እንዳለባት ነገርናት። አልተከራከረችም። ከመቀነቷ ጫፍ ፈትታ፣ ቆጥራ ሰጠችን። ሁለቱ አሥር ብሮች ተጣጥፈው ተጣጥፈው የደከሙ እንደነበሩ እናስታውሳለን፤ የገንዘብ ሰው እንዲህ ያለውን አይረሳም። ደረሰኝ ቆረጥንላት። በሚቀጥለው ማክሰኞ አልመጣችም፤ ዓርብም። ለጽዮን በዓል በደንቡ መሠረት ልብስ አልተሰጣትም።

ኅዳር 21 ቀን ዘመርን። እንዴት እንደዘመርን የነበራችሁ ታውቃላችሁ። የተተካችው እኅት ሦስተኛውን መዝሙር ከመጠን በላይ ከፍ አድርጋ ጀመረች፤ መሐል ላይ ስንደርስ ግማሾቻችን አፋችንን ብቻ እናንቀሳቅስ ነበር። በጉሮሯችን ላይ የአውድማ እብቅ ያለብንም ነበርን። የጤፍ እብቅ የተነፈሰች ሴት ዝንጅብል ብትጠጣ፣ ማር ብትልስ ሳምንት ድምፅ የላትም። ከበዓሉ በኋላ አንዲት እናት በር ላይ ይዘውን “ያቺ ልጅ የት ሄደች? ታማ ነው?” አሉን። እንደማናውቅ ነገርናቸው። “አብራችሁ የምትዘምሩትን ልጅ አታውቁም?” አሉና ሄዱ።

ሰኞ ሦስት ሆነን ሄድን። ከአስፋልቱ ወጥቶ የግማሽ ሰዓት መንገድ ነው። አማቷና የ9 ዓመት ልጇ ነዶ ይሰበስባሉ፤ እሷ ጎንበስ ብላ ታጭዳለች። ከማሳው ግማሽ የሚሆነው ገና አልተነካም፤ ያም ተኝቷል። አውድማው ግን በእበት ተለቅልቆ፣ ተጠርጎ፣ ደርቆ ይጠብቃል።

ለምን ወንፈል አልጠራሽም አልናት። መልሷን ያኔ እንደ ሒሳብ ሠራተኛ ሰማነው፤ እስከ ዛሬም ከጭንቅላታችን አልወጣም። ወንፈል ብድር ነው አለችን። ዛሬ አምስት ሰው ቢያጭድላት ነገ ለአምስቱም ሄዳ ማጨድ አለባት፤ ባሏ የለም፣ በሁለት እጇ የራሷንም አልጨረሰች። የማትመልሰውን ብድር እንዴት ትወስዳለች? ጅጌ ብትጠራ ደግሞ ጠላ መጥመቅ፣ እንጀራ መጋገር፣ ወጥ መሥራት አለባት፤ ያም ጊዜና ገንዘብ ነው። እኛ በዚህ አዳራሽ ስንት ጊዜ “ዋስ የሌላት ሴት ብድር አታገኝም” እያልን ስንከራከር፣ ከጉልበት ብድርም የምትወጣ ሴት እንዳለች አላየንም ነበር።

ውኃ ሰጠችን፣ ቆሎ አቀረበች። በጽዮን ዕለት ቤቷ ሆና በድምፅ ማጉያው ስትሰማን እንደዋለች ነገረችን። “ሦስተኛውን ከፍ አድርጋችሁ ነው የጀመራችሁት” አለች። ይቅርታ ለመጠየቅ ነበር የሄድነው፤ አፋችን ተሳሰረ። ስንነሣ እሷው ተናገረች፦ “እናንተ መቅረቴን ጻፋችሁ። የት እንደዋልኩ የሚጻፍበት ቦታ ግን ደብተራችሁ ላይ የለም።” ቁጣ አልነበረውም። እንደ ተራ ነገር ነው ያለችው።

ማግሥቱ ማክሰኞ፣ የልምምድ ቀን ነበር። ልምምዱን ማሳዋ ላይ አደረግነው። 14 እኅቶችና 9 ወንድሞች ከየሥራችን ተፈቅዶልንም፣ ሳይፈቀድልንም ሄድን። ሁሉም ቆሎውን፣ ዳቦውን ይዞ እንዲመጣ ተነጋገርን፤ ጾምም ስለነበር ነገሩ ቀለለ፤ ከእሷ የጠየቅነው ውኃ ብቻ ነበር። እውነቱን ለመናገር ከእኛ ከቢሮዎቹ ይልቅ ያጨዱት ከገጠር የመጡት እኅቶች ናቸው። እኛ ማጭድ አያያዝ እስክንማር ረፍዷል፤ አንዷ ጣቷን ቆርጣ ቀኑን ሙሉ በነጠላ ጫፍ አስራ ዋለች። እያጨድን ለመዘመርም ሞከርን፤ አልሆነም። ያጠናነው መዝሙር ረጋ ያለ ነው፤ ማጭድ ደግሞ ፈጣን ምት ይፈልጋል። ወንዶቹ አጫጆች የራሳቸው የአጨዳ ዜማ ያላቸው ለካ ለዚህ ነው። ስለዚህ እስከ ቀትር ዝም ብለን አጨድን። የዘመርነው ከሰዓት በኋላ ነዶ ስናስርና ስንሸከም ነው፤ ለእሱ መዝሙሩ ልክ ገባ። እሷ አወጣች፣ እኛ ተቀበልን። ሦስተኛውን መዝሙር በትክክሉ ላይ አነሣችው። ቁጥር ብንወድም ስንት ነዶ እንደታሰረ አልቆጠርንም፤ ከመጨለሙ በፊት ክምሩ ቆመ።

ከዚያ ወዲህ ቁጭ ብለን አንድ ሒሳብ ሠራን። በኅዳር ወር ገበሬ እርሻ የማይነካባቸውን ቀናት ደመርን፤ አቦ፣ ቁስቋም፣ ሥላሴ፣ ሚካኤል፣ ኪዳነ ምሕረት፣ ማርያም፣ ጊዮርጊስ፣ መድኃኔ ዓለም፣ ባለ ወልድ፤ በዚያ ላይ ቅዳሜና እሑድ። የትኛው ቀን እንደሚከበር ከደብር ደብር ቢለያይም፣ የተደራረበውም ቢቀነስ፣ ማጭድ የሚነሣበት ቀን ከወሩ ግማሽ ብዙም አይርቅም። ሐሙሶቹ ደግሞ የገበያ ናቸው። እኛ ታዲያ ልምምዱን የጣልነው ከእነዚያ ጥቂት የሥራ ቀናት ላይ ነው! በዓል ቀን ከሰዓት በኋላ ማድረግ ስንችል። አሁን ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ጥር ልምምዱ በበዓላቱ ቀን ነው። ለወንዶቹ ይህ ሙሉ መፍትሔ ነው። ለሴቶቹ ግማሽ መፍትሔ ነው፤ በዓል ገበሬውን ከማሳ ያሳርፈዋል እንጂ ሚስቱን ከምድጃና ከውኃ እንስራ አያሳርፋትም። ለዚህ ሕፃናቱን በተራ የሚጠብቁ ሁለት እናቶች መድበናል። ይሠራል፤ አንዳንዴም አይሠራም።

ጅጌውም ቀጥሏል። በየዓመቱ ባሏ የሌለ፣ ያረገዘች፣ የታመመች፣ የሞተባት መዘምርት ማሳ ላይ አንድ አንድ ቀን እንውላለን፤ ብድር አይደለም፣ አይመለስም። ደጋፊዎቻችን በሰጣችሁን ገንዘብ ማኅበሩ የገዛቸው ሁለት ትልልቅ ሸራዎች አውድማ ላይ ይነጠፋሉ፤ ጤፉ አፈርና ጠጠር ሳይቀላቀልበት ይነሣል። የምታበጥረው ሴት ስለሆነች የሸራው ጥቅም መጀመሪያ የሚታወቀው በወገቧ ነው። ስለዚህ ስጦታ ከልብ እናመሰግናለን፤ አንደኛው ሸራ ግን በዘንድሮው አውድማ ላይ በበሬ እግር ተቀዷል፤ ይህን በሪፖርቱ ገጽ ላይ በ“ዕቃ ጥገና” ሥር ታገኙታላችሁ።

ሁሉም ሰው አልተደሰተም። መዘምራን ማጭድ ይዘው ከወንዶች ጋር ማሳ ላይ መዋላቸው ነውር ነው ያሉ ሽማግሌ ነበሩ። ሩት በቦዔዝ እርሻ ከአጫጆች ኋላ ስትቃርም መዋሏን አንዷ እኅታችን በትሕትና አስታወሰቻቸው፤ አላመኑም፣ ግን ዝም አሉ። ከዚያ በፊት በቅጣቱ ምክንያት የቀሩ ሁለት እኅቶች ደግሞ ሄደን ብንለምናቸውም አልተመለሱም። አንደኛዋ አግብታ ወደ ወረታ ሄዳለች። ሌላዋ ሐሙስ ገበያ ላይ በርበሬ ስትሸጥ እናገኛታለን፤ ሰላም ትለናለች፣ ከዚያ ያለፈ አትናገረንም።

አሁን ከማኅበራችን ጋር ወደሚያገናኘው ነገር እንምጣ። ያንን የመዘምራን ደንብ ያወጣን እጆች የዚህን ማኅበር የብድር ደንብም የጻፍን እጆች ነን። በሰኔ ለማዳበሪያና ለዘር የምንሰጠው ብድር የሚመለሰው እስከ ኅዳር 30 ነው። ይህን ቀን የመረጥነው ለምንድን ነው ብላችሁ ብትጠይቁን መልሳችን የሚያሳፍር ነው፤ በታኅሣሥ ሒሳብ ለመዝጋት ለእኛ ስለሚመች ነው። በኅዳር ግን ጤፉ ወይ ማሳ ላይ ነው ወይ ክምር ላይ ነው። ተበዳሪዋ ገና ያልተወቃ እህል ለነጋዴ ቃል ትሰጣለች፣ ወይም ተሯሩጣ ወቅታ እህል በረከሰበት ጊዜ ትሸጣለች፤ በክረምት ያንኑ ጤፍ ተወድዶ መልሳ ትገዛዋለች። ያዘገየችውንም በቀን ቆጥረን እንቀጣታለን። በየዓመቱ በሪፖርታችን “የቅጣት ገቢ” የሚለው መሥመር ከፍ የሚለው ከኅዳር በኋላ ነው። እናንተም ገቢ ስለሆነ አጨብጭባችሁ አሳልፋችሁታል።

ስለዚህ ዛሬ ከሰዓት በኋላ በሚቀርበው አጀንዳ ላይ የመመለሻው ቀን ወደ መጋቢት መጨረሻ እንዲዛወር እንጠይቃለን። ማኅበሩ ለአራት ወር ያህል ጥሬ ገንዘብ ያንሰዋል፤ ይህን አንደብቅም። በእነዚያ ወራት አዲስ ብድር መስጠት አንችልም ማለት ነው፤ ለንግድ የምትበደሩ የከተማ አባላት ትጎዳላችሁ። ከእኛም ውስጥ የምንጎዳ አለን። በቅጣቱ ምትክ ምን ይሁን ለሚለው፣ ከመዝገቡ ላይ “ምክንያት” የሚል አንድ ዓምድ እንዲጨመርና ኮሚቴው ቤቷ ድረስ ሄዶ ሳያይ ማንም እንዳትቀጣ የሚል ሐሳብ አለን። ሥራ ይበዛል። በመዝሙሩ ደብተር ላይ ይህን ዓምድ ከጨመርን ወዲህ ደብተሩ ቶሎ ያልቃል፤ አንዳንዷ ምክንያት ሁለት መሥመር ትወስዳለች።

ስለ 50 ብሩ ሳንነግራችሁ አንወርድም። ያን ማክሰኞ ማታ ከማሳው ስንመለስ ልንሰጣት አውጥተን ነበር፤ አልቀበልም አለች። “ደረሰኝ ቆርጣችሁልኛል አይደል?” አለችን። ቅጣቱን ጉባኤው በሰረዘ ጊዜም ላክንላት፤ መልሳ ላከችው። ለከበሮ ቆዳ እናውለው ብንላት “የቅጣት ከበሮ አልመታም” ብላ ሳቀች። ስለዚህ ገንዘቡ ገቢ አይደለም፣ ወጪም አልሆነም፤ በመዝገባችን ላይ “ተመላሽ የሚደረግ” ተብሎ ተቀምጧል። የኦዲት ኮሚቴው በየዓመቱ ይህ ምንድን ነው ይለናል። ዘንድሮም ጠይቀውናል። እሷም በየዓመቱ በኅዳር ጽዮን ሦስተኛውን መዝሙር ታወጣለች፤ ዘንድሮ ባለቤቷ ከመተማ ቀድሞ ስለገባ ልምምድ ላይ አንድ ቀን ብቻ ነው የቀረችው። ምክንያት በሚለው ዓምድ ላይ በራሷ እጅ የጻፈችው “ዳጉሳ” ይላል።